የዓሣ አጥማጁ ሁለገብ ሰንጢ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ እያለ ዝቅ ይበል።)

  

የዛሬው ርእሳችን በመዳፍ ውስጥ የሚሰወር ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም ፒንሳውን፣ ቢላውን፣ መቀሱንና ካቻቪቴውን በአንድ እጀታ ውስጥ አጣጥፎ የያዘው፣ በቀበቶ ላይ ወይም በኪስ ውስጥ የሚሸከሙት ሁለገብ ሰንጢ ሲሆን፣ የምንነጋገረውም በሐይቅና በወንዝ ዳር ተቀምጦ በመንጠቆ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ይህ መሣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ከተመረጠም በኋላ እንዴት በማስተዋል እንደሚሠራበት ነው።

እስቲ አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። አጥማጁ ዓሣውን ከውኃ አውጥቶ መሬት ካስነካው በኋላ፣ ከሁሉ በፊት እጁ የሚፈልገው መሣሪያ የትኛው ነው?

(አጭር ዝምታ።)

«ቢላ ነዋ!» ያላችሁ ብዙዎች እንደምትሆኑ እገምታለሁ። ነገር ግን ቢላው ተራው ገና ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ፒንሳ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው በሕይወት ሳለ፣ እየተወራጨና እየተንሸራተተ፣ መንጠቆውን በአፉ እንደ ያዘ ነውና፣ ያን መንጠቆ በጣት ለማውጣት የሚሞክር ሰው ዓሣውንም ራሱንም ያቆስላል።

አምባዛን ያጠመደ ሰው ይህን ያውቃል። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ገላው በለሐጭ የተቀባ፣ በጎንና ጎኑ ባሉት ክንፎች ሥር ጠንካራ እሾህ የተሰጠው ፍጥረት ሲሆን፣ ከዚህም በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ የመተንፈሻ ብልት ስላለው ከውኃ ከወጣ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳይሞት ይቆያል፤ ስለዚህ «ትንሽ ልጠብቅና ሲደክም መንጠቆውን አወጣለሁ» የሚል አጥማጅ ሲጠብቅ ይውላል። ቆሮሶም ቢሆን በጀርባው ላይ የተሰለፉትን እሾሆች አቁሞ መዳፍ ይወጋል። ወደ አርባ ምንጭ ወርደን የጫሞን ሐይቅ ብናይ ደግሞ፣ ከግዙፉ ከናይል ፐርች ሌላ፣ አፉን ቢገጥም እንኳ ጥርሱ ከውጭ የሚታይ አዳኝ ዓሣ አለ፤ በዚያ አፍ ውስጥ ጣቱን የሚያስገባ ሰው ምክር የሚሰማ አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን አንድ ቃል ያዙልኝ፤ በዚህ ዝግጅት ውስጥ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ለዓሣ አጥማጅ ሁለገብ ሰንጢ ማለት ከሁሉ በፊት ጥሩ ፒንሳ ማለት ነው።

(ሙዚቃ፣ ለጥቂት ሰከንድ።)

የዚህ መሣሪያ ታሪክ ከዓሣ አጥማጅ አይጀምርም፤ ከወታደር ነው የሚጀምረው። ካርል ኤልስነር የተባለ የስዊስ ቢላ ሠሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 ኢባኽ በምትባል መንደር የሥራ ቤቱን ከከፈተ በኋላ፣ በ1891 ለአገሩ ሠራዊት ዳቦ የሚቆርስ፣ ቆርቆሮ የሚከፍትና የጠመንጃውን ብሎን የሚፈታ ሰንጢ አስረከበ፤ በ1897ም ለመኮንኖች የሚሆን፣ ከበፊቱ ቀለል ያለና የወይን ጠጅ ቡሽ መንቀያ የተጨመረበት ሌላ ዓይነት አስመዘገበ። ቀይ እጀታው ላይ ነጭ መስቀል ያለበት፣ በዓለም ሁሉ የታወቀው ሰንጢ ትውልዱ ከዚህ ነው።

ፒንሳው ግን የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ቲም ሌዘርማን የሚባል አሜሪካዊ፣ በ1975 ከባለቤቱ ጋር በአሮጌ ፊያት መኪና አውሮፓን ሲዞር፣ መኪናይቱ በየመንገዱ እየተበላሸች፣ ያደሩበትም ሆቴል ቧንቧ እያፈሰሰ ሲያስቸግረው፣ በኪሱ የያዘው ሰንጢ መቁረጥ እንጂ መጨበጥ የማይችል መሆኑን ተመልክቶ፣ ፒንሳ የታጠፈበትን ሰንጢ መንደፍ ጀመረ። ብዙ ዓመት ደክሞበት በ1980 የፈጠራ መብቱን አገኘ፤ በ1983ም ለገበያ አቀረበው። ዛሬ በልዩ ልዩ ፋብሪካ ስም የሚሸጠው ባለ ፒንሳ ሰንጢ ሁሉ የዚያን መንገደኛ ሐሳብ የተከተለ ነው።

ይህን ያነሣሁት ለታሪኩ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ገበያ ስንወጣ የምናገኛቸው ሁለት ወገኖች መሆናቸውን እንድንለይ ነው እንጂ። አንደኛው ወገን ስለቱን መሠረት አድርጎ ሌላውን የጨመረ ነው። ሁለተኛው ወገን ፒንሳውን መሠረት አድርጎ ስለቱን በእጀታው ውስጥ ያጠፈ ነው። ለሽርሽር፣ ለብርቱካን መላጫና ለጠርሙስ መክፈቻ የመጀመሪያው ያምራል፤ ከእነርሱም መካከል ቅርፊት መፋቂያና መንጠቆ ማላቀቂያ የተጨመረለት፣ ለዓሣ አጥማጆች ተብሎ የተሠራ አለ። እኔ ግን በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ያለ ማመንታት ሁለተኛውን ወገን እመርጥለታለሁ።

(የገበያ ድምፅ፣ ከሩቅ።)

አሁን ወደ መርካቶ እንሂድ። በመደርደሪያው ላይ ሃያ ዓይነት ሰንጢ ተደርድሯል፤ ሻጩም «ጋሼ፣ ይህኛው አሥራ አምስት ሥራ ይሠራል፤ ያኛው አሥራ ስምንት ነው» እያለ ይቈጥርልናል። አድማጮቼ ሆይ፣ ቍጥሩን አትስሙት። አጥማጅ በውኃ ዳር የሚሠራው ሥራ በጣት የሚቈጠር ነው፦ መጨበጥ፣ ክር መቁረጥ፣ መንጠቆ ማላቀቅና ማረም፣ ሆድ መቅደድ። ከዚህ የተረፈው ሁሉ ክብደት ነው። ሙሉ መጠን ያለው ባለ ፒንሳ ሰንጢ ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናልና፣ ለማትሠሩበት መጋዝ ስትሉ ቀኑን ሙሉ ወገባችሁን አታጕብጡ።

መጀመሪያ ፒንሳውን ክፈቱት። አፉ ረጅምና ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሄደ ይሁን፤ ደንዳና አፍ ያለው ፒንሳ ለቧንቧ ሠራተኛ ቢመቸውም በዓሣ አፍ ውስጥ አይገባም። ቀጥሎም አፉን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አንሡና ተመልከቱ፤ ጫፍና ጫፉ በትክክል ካልተገናኘ፣ በመካከሉም ብርሃን የሚያልፍ ከሆነ፣ መልሱለት። ከዚህ የበለጠ ፈተና ከፈለጋችሁ አንድ ቀጭን የናይለን ክር ይዛችሁ ሂዱና በፒንሳው ጫፍ ጨብጣችሁ ሳቡት። ክሩን አጥብቆ የያዘ ፒንሳ ትንሿንም መንጠቆ ይይዛል፤ ክሩ እየተንሸራተተ ካመለጠው፣ መንጠቆውም ያመልጠዋል።

ሁለተኛው መቁረጫው ነው። ቀድሞ አብዛኛው ሰው በነጠላ የናይለን ክር ያጠምድ ነበርና ማንኛውም ስለት ይበቃ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነው ጠንካራ ክር እየተለመደ መጥቷል፤ ይህም ክር በደነዘ ስለት ሲቆርጡት ይተረተራል፣ ይቦጫጨቃል እንጂ በንጽሕና አይቆረጥም። መቀስ ያለው ሰንጢ ምረጡ፤ የመቀሱ ስለት ጥቃቅን ጥርስ ቢኖረው እጅግ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ክሩን ሳያንሸራትት ይዞ ይቆርጠዋል።

ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው አይመረምረውም። ቢላው ሲከፈት ይቆልፋል ወይስ አይቆልፍም? በድሮው ዓይነት ሰንጢ ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆመው የጀርባው ሞላ ብቻ ነውና፣ ሥራው ሲጠነክር ድንገት ታጥፎ በጣት ላይ ይዘጋል። በደረቅ እጅ፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ይህ አደጋ ትንሽ ነው። በለሐጭና በደም በራሰ እጅ፣ በምትወዛወዝ ጀልባ ውስጥ ግን ትልቅ ነው። ስለዚህ ስለቱን ከፍታችሁ፣ ጣታችሁን ከመንገዱ አውጥታችሁ፣ የስለቱን ጀርባ በቀስታ በእንጨት ላይ ተጫኑት፤ ቁልፉ ከሸሸ ሰንጢውን አትግዙት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሻጩን ትንሽ ውኃ ለምኑትና እጃችሁን አርሳችሁ ሰንጢውን ለመክፈት ሞክሩ። ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ። በደረቅ እጅ እንኳ ጥፍር የሚሰብር ሰንጢ በሐዋሳ ሐይቅ ላይ፣ በማለዳው ብርድ፣ አይከፈትላችሁም።

(የገበያው ድምፅ ይጥፋ።)

ስለ ብረቱም ጥቂት እንበል። «ይህ የማይዝግ ብረት ነው» የሚለውን ቃል ሁላችንም ሰምተናል። ገዢውም ሊፈትን ማግኔት ያወጣል፤ ማግኔቱ ከሳበው «ይኸው፣ ይዝጋል!» ብሎ ይጥለዋል። ይህ ፈተና ከማእድ ቤት የመጣ ነው፤ ለድስትና ለማንኪያ የሚሆነው የማይዝግ ብረት አብዛኛው በማግኔት ስለማይሳብ ሰው ሁሉን በዚያ ይፈርዳል። ለስለት የሚሆነው የማይዝግ ብረት ግን በእሳት ጠንክሮ ስለት መያዝ ስላለበት ጠባዩ ከድስቱ ይለያልና፣ ማግኔት ይስበዋል። እንግዲያስ በማግኔት የተሳበ ሰንጢ ሁሉ ይዝጋል ማለት ስሕተት ነው። ማግኔቱን ለሌላ ሥራ አስቀምጡት።

ደግሞም «የማይዝግ» ማለት ፈጽሞ አይዝግም ማለት አይደለም። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ክሮም የሚባለው ማዕድን ነው፤ ከመቶው ከአሥር እጅ በላይ ሲገባበት በብረቱ ገጽ ላይ ዓይን የማያየው ስስ መጋረጃ ይሠራል። ጨው ይህን መጋረጃ ይበሳዋል። በምፅዋና በጅቡቲ ባሕር ዳር፣ ወይም በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የሚያጠምዱ ወገኖቻችን ይህን በየቀኑ ያዩታል፤ ማታ ሳይታጠብ ያደረ ሰንጢ ጠዋት በመገጣጠሚያው ላይ ቡናማ ነጥብ አብቅሎ ይገኛል። በጣናና በሐዋሳ ውኃ ላይ ግን ዋናው ጠላት ጨው ሳይሆን በማጠፊያው ውስጥ የቀረው ደምና ለሐጭ፣ እርጥቡም የቆዳ ማኅደር ነው።

(ሙዚቃ። ከዚያም የውኃ ድምፅ።)

አድማጮቻችን፣ ምርጫችንን ጨርሰናል። መጀመሪያ ምን ነበር ያልነው? ፒንሳው። ከዚያስ? መቀሱ። ከዚያስ? ቁልፉ። አሁን ወደ ውኃው ዳር እንውረድ።

ከመቀመጣችሁ በፊት ሰንጢውን በገመድ ከቀበቶአችሁ ጋር እሰሩት። የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም፤ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ውኃው ላይ ተለጥፋ ስለምትሄድ፣ ከእጅ ያመለጠ ዕቃ በእርሷ ላይ የሚያርፍበት ጠርዝ የለውም። በገመዱ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ብታስሩበት በሣርም ውስጥ ሲወድቅ ይታያል። ገመዱን በአንገታችሁ ላይ ግን አታጥልቁት።

መንጠቆውን በክሩ ስታስሩ ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡት። ለምን ይመስላችኋል? ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋግቶ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ክሩን ያደክመዋልና፣ ትልቁ ዓሣ በመጣ ጊዜ የሚበጠሰው ከዚያች ቋጠሮ ላይ ነው። ካረጠባችሁ በኋላ መንጠቆውን በፒንሳ ይዛችሁ ክሩን በእጃችሁ ሳቡ፤ የተረፈውን ጫፍ በመቀስ ቁረጡ።

በጥርሳችሁ አትቁረጡ። በጥርስ መቁረጥ የብዙ አጥማጅ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከክሩም የከፋው እርሳሱ ነው። ክሩን ወደ ታች የሚያሰምጠውን ትንሽ እርሳስ በጥርሱ ነክሶ የሚያጣብቅ ሰው አለ። እርሳስ መርዝ ነው፤ በሰውነትም ውስጥ ይከማቻል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ፒንሳው የተሠራው ለዚህ ነው፤ እርሳሱን በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አጣብቁት፤ አባታቸውን እያዩ ለሚማሩ ልጆችም ይህንኑ አሳዩ። ከዚያም እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ።

የተቆረጠውን ቁራጭ ክር የት ትጥሉታላችሁ? «እዚያው» አትበሉኝ። የሐዋሳን የዓሣ ገበያ የጎበኘ ሰው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች በአጥማጆቹ መካከል እንደ ሽማግሌ ቆመው የተጣለውን አንጀት ሲጠባበቁ አይቷል። ናይለን አይበሰብስም፤ በወፍ እግር ላይ ከተጠመጠመ እስኪቆርጠው ድረስ አይለቅም። ቁራጩን በኪሳችሁ ያዙና ቤት ስትደርሱ ከቆሻሻው ጋር ጨምሩት።

(አጭር ዝምታ።)

አሁን ዓሣው ተያዘ። እርጥብ እጅ ወይም እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ በፒንሳው ጫፍ መንጠቆውን በጎባጣው ላይ ጨብጡና በገባበት መንገድ ወደ ኋላ መልሱት። አትጎትቱት፤ አዙሩት። መንጠቆ የሚወጣው በጉልበት ሳይሆን አቅጣጫውን በማወቅ ነው።

በመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የምታይ ትንሽ እሾህ አለች። ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዘው እርሷ ናት፤ ስትወጣም ሥጋ የምትቀድደው እርሷው ናት። ለማእድ ሳይሆን ለመልቀቅ የሚያጠምድ ሰው፣ ይህችን እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ ጨፍልቆ ሊያስተኛት ይገባል። ይህን የምለው ለጨዋታ አይደለም። በጣና ላቤዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ አብዛኛው ዘሩ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የማይገኝ ሲሆን፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በክረምት ወራት ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ የተያዘች እናት ዓሣ ብቻዋን የተያዘች አይደለችም፤ ዘሯም አብሯት ነው። ያለ ጭንቅ የወጣ መንጠቆ በሕይወት ይመልሳታል።

መንጠቆውን ወደ ጉሮሮው አዝልቆ የዋጠውስ ምን ይደረጋል? የሚለቀቅ ከሆነ አትጎርጉሩት፤ መቀሱን ወደ አፉ አስጠግታችሁ ክሩን ቁረጡና ልቀቁት። መንጠቆውን በጉልበት ከማውጣት ይልቅ በውስጡ መተው ለዓሣው የተሻለ የመዳን ዕድል ይሰጠዋል። የሚበላ ከሆነ ግን ሳይንገላታ ፈጥናችሁ ግደሉት፤ መንጠቆውን ከዚያ በኋላ አውጡት። በተለይ አምባዛን በፀሐይ ላይ እየተወራጨ ሰዓታት ማቆየት ነውር ነው፤ ሥጋውንም አያሻሽለውም።

(ሙዚቃ፣ ለጥቂት ሰከንድ።)

አሁን ገና ቢላው ተራው ደረሰ። በመጽሐፈ ጦቢት የሚተረከውን ታሪክ የምታስታውሱ አላችሁ፤ ወጣቱ ጦብያ ከጤግሮስ ወንዝ የወጣውን ዓሣ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ትእዛዝ ሆዱን ከፍቶ ልቡንና ጉበቱን ሐሞቱንም ለይቶ አኖረ። እኛ ሐሞቱን ለመድኃኒት አንፈልገው ይሆናል፤ ነገር ግን ሳይፈነዳ ለይቶ የማውጣቱ ጥበብ ለእኛም ያስፈልገናል፤ የፈነዳ ሐሞት የነካው ሥጋ ጉላሹንም ዱለቱንም ያመርራልና። ስለዚህ የቢላውን ጫፍ በዓሣው ሆድ ውስጥ በጥልቀት አትስደዱ። ጫፉን ጥቂት ብቻ አስገብታችሁ፣ ስለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ውጭ አዙራችሁ፣ ቆዳውን ብቻ እያነሣችሁ ቅደዱ።

የቆሮሶን ቅርፊት ለመፋቅ ስለቱን አታደንዝዙበት፤ በቢላው ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ፋቁ። ሥጋውን ከአጥንቱ ነጥሎ በንጽሕና ማውጣት ግን የዚህ ሰንጢ ሥራ አይደለም። ለዚያ የሚሆነው ረጅም፣ ቀጭንና የሚለመጥ ቢላ ነው፤ የሰንጢው ስለት አጭርና ደንዳና በመሆኑ ግማሹን ሥጋ በአጥንቱ ላይ ይተወዋል። ሻጩ ይህንም ይሠራል ቢላችሁ፣ እርሱ ዓሣ ገዝቶ እንጂ አጥምዶ አያውቅም ማለት ነው።

(ሙዚቃ ይቁም። ድምፅ በረጋ አነጋገር።)

የሚቀጥለውን ነገር በጥንቃቄ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። መንጠቆ በጣት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ምን ይደረጋል?

አስቀድሜ የማይደረገውን ልናገር። በዓይን፣ በዓይን አካባቢ ወይም በአንገት የገባን መንጠቆ፣ እንዲሁም በመገጣጠሚያ አጠገብ ጠልቆ የገባውን፣ ማንም ሰው በሰንጢ አይንካው፤ ክሩን ብቻ ቆርጣችሁ፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ አድርጋችሁ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህን እደግመዋለሁ፦ ዓይን ከሆነ አትንኩት።

በጣት ጫፍ ላይ ገብቶ ጫፉ በሌላው ወገን ብቅ ያለ ከሆነ ግን፣ ወደ ኋላ መጎተቱን ትታችሁ ባልንጀራችሁ ወደ ፊት ጥቂት ይግፋው፤ ያች ኋሊት የምታይ እሾህ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ በፒንሳው የሽቦ መቁረጫ ይቁረጣት፤ የቀረው ለስላሳ ብረት በገባበት ተመልሶ ይወጣል። ሽቦ የሚቆርጠው የፒንሳው ክፍል ከጫፉ ርቆ በማጠፊያው አጠገብ ነው፤ ኃይሉም የሚበዛው እዚያ ነው። ስትቆርጡ የሁለታችሁም ፊት ይከለል፤ የተቆረጠችው ጫፍ ተስፈንጥራ ዓይን ልትመታ ትችላለች። ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት፤ ከዚያም፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

(ሙዚቃ ይመለስ፣ ዝቅ ብሎ።)

ወደ ቤት ተመለስን። ዓሣው በምጣዱ ላይ ነው፤ ሰንጢውስ? ብዙ ጊዜ እርጥብ እንደ ሆነ በኪስ ውስጥ ይረሳል። ሁሉንም ስለቶች ክፈቷቸው፤ በንጹሕ ውኃ እጠቧቸው፤ በማጠፊያው ውስጥ የተሰገሰገውን ቅርፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጡ፤ ከዚያም ክፍት እንደ ሆነ በፀሐይ ይድረቅ። ማኅደሩንም ለብቻው አድርቁት።

ዘይቱ ላይ አንድ ስሕተት በየቤቱ አለ። በማእድ ቤት ያለው የኑግ ዘይት ይቀባል። ኑግ፣ ተልባም እንዲሁ፣ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይረጋል፤ ሙጫም ይሆናል። ለጥቂት ሳምንት እንደ ልብ የተከፈተው ሰንጢ በኋላ ተጣብቆ እንቢ ይላል፤ ባለቤቱም ፋብሪካውን ይረግማል። ለማጠፊያው የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ትበቃለች፤ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ምግብ የሚነካውን ስለት ግን ዘይት ሳይቀቡ ደረቅ አድርጎ ማኖር ይሻላል።

ሲደነዝዝ በሞረድ ሳሉት፤ ሞረዱን አርጥባችሁ፣ ስለቱን ጥቂት ብቻ ቀና አድርጋችሁ፣ ሁለቱንም ወገን እኩል። ለመኪና ጎማ መፍቻ፣ ለሚስማር መንቀያና ለመዶሻ አታውሉት። ትልልቅ የናይል ፐርች መንጠቆዎችንም በሽቦ መቁረጫው ለመቁረጥ አትታገሉ፤ እነዚያ ወፍራምና ጠንካራ በመሆናቸው የፒንሳውን አፍ ይሸርፉታል።

(አጭር ዝምታ።)

በመጨረሻ፣ በውጭ አገር ለምትኖሩ አድማጮቻችን አንዲት ነገር አለችኝ። ለአባታችሁ ወይም ለወንድማችሁ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ሰንጢ ለማምጣት ያሰባችሁ እንደ ሆነ፣ የብዙ መሣሪያ ክምር ያለበትን አታምጡ፤ አፉ ረጅም የሆነ ፒንሳ፣ መቀስና የሚቆልፍ ስለት ያለውን፣ ከእርሱም ጋር አንዲት ትንሽ የመሳያ ሞረድ ብታመጡለት ይበቃዋል። በእጅ ሻንጣችሁ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ይወሰድባችኋል። ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ፣ ስለቱ ተዘግቶና በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

በሚቀጥለው ሳምንት መንጠቆ ከክር ጋር ስለሚታሰርባቸው ቋጠሮዎች እንነጋገራለን፤ አንድ ክንድ የሚያህል ክርና አንድ ሚስማር ይዛችሁ ብትጠብቁን አብረን እንሞክራለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ።)